ከዚህ ቤት ሁለተኛ አይጠመቅም

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ዘይቱና ዘይኑልአቢዲን፣ ካለሽበት ጂንካ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ሰላምታ ዛሬ የማይሆንሽ ከሆነ ደግሞ ጤና ይስጥልኝ። የትኛውን እንደምትቀበዪ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ልኬልሻለሁ፤ የሚስማማሽን አንሺና የተረፈውን ለጎረቤት ስጪው። ለመሆኑ እንዴት ነሽ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር ይይዝሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይስ አብሮሽ ጂንካ ወረደ? ባለቤትሽ ጋሼ ደምለው ደህና ናቸው? ጉልበታቸው፣ ዓይናቸው፣ ሥራቸው እንዴት ነው? ልጅሽ ነፃነትስ? ታናናሾቿስ? ዝናቡ፣ ገበያው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? የሠላሳ አንድ ዓመት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ ስደረድርልሽ አትሳቂብኝ።

እኔ ታናሽ ወንድምሽ ሚስባህ ነኝ። ስትሄጂ ድምፄ ለመጎርነን የሚታገል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን አርባ አምስት ደፍኛለሁ፤ ፀጉሬም ከፊት ሸሽቶ ከኋላ መሽጓል። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን እጠግናለሁ። ሚስቴ ረውዳ ትባላለች፤ አሚርና ሱሀይላ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባባ ግን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን ቤት ሬሳዬ ካልወጣ አልለቅም ብለው እዚያው ደሴ ናቸው። ካለፈው ወር ወዲህ ረውዳ ልጆቹን ይዛ ጠቅልላ እሳቸው ዘንድ ገብታለች፤ እኔም ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ ሽቅብ ወደ ደሴ እላለሁ።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። አባባ ታመዋል። ልባቸው ደክሟል፣ እግራቸው አብጧል፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ከጥቂት ሳምንት በላይ ተስፋ እንዳላደርግ ነግሮኛል። እሳቸውም ያውቁታል፤ ሞትንም የፈሩ አይመስለኝም። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዘይቱናን አምጡልኝ፤ አውፍ ሳትለኝ፣ ይቅር ሳትለኝ እንዳልሄድ» ይላሉ። አዎ፣ አባባ ናቸው እንዲህ የሚሉት። ስምሽ በዚያ ቤት እንዳይነሳ ያደረጉት እኚያው አባባ። ደብዳቤውን አስቀምጠሽ ትንሽ አየር መውሰድ ካማረሽ ውሰጂ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ክው ብዬ ነው የቀረሁት። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

አድራሻሽን ያገኘሁት በቀለሙ ነው። ቀለሙን ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ፤ ከደረቅ ወደቡ የሚጭነው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ባለፈው ሰኔ ጂንካ ገበያ ላይ ያገኘሽ። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ከሽንኩርት ሻጭ ጋር ስትከራከር «ወላሂ ከዚህ በላይ አልጨምርም!» ስትል ሰማሁና ቆሜ ቀረሁ ብሎ ነገረኝ። ማተብና ወላሂ ባንድ አንገት ላይ ሲገናኙ ያየ ወሎዬ ሌላ ምን ይጠይቃል? «እትዬ፣ የደሴ ነሽ የኮምቦልቻ?» ብሎሽ ሻይ እንደጋበዝሽው፣ የእማማንም ማረፍ ከሱ ሰምተሽ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ እንደጣልሽ አጫውቶኛል። ስልክሽንም ሰጥቶኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደውዬ «ሃሎ» ባልሽ ቁጥር ዘግቼዋለሁ። ያ ስም የለሽ ደዋይ እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ፣ ድምፅሽ ቁርጥ የእማማን ሆነብኝ። በአፌ ያቃተኝን በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ቀለሙ ሐሙስ ወደዚያ ይነሳል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አባባ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በባጃጅ ፒያሳ ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ ካርድ ልታወጣ እስክሪብቶዋን አንስታ «ሙሉ ስም፣ አባቴ?» አለቻቸው። አባባም ሳያስሉ ሳይንተባተቡ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ወልደገብርኤል ይማም» አሉ። እኔ ሳቄ መጣ። ትኩሳት ነው፣ ሰውየው ቀላቅለዋል ብዬ «ዘይኑልአቢዲን ይማም ብለሽ ጻፊው» አልኳት። አባባ ቀና ብለው አዩኝ። «እሱም ትክክል ነው» አሉኝና ወደ ልጅቷ ዞረው «የምትፈልጊውን ጻፊ፤ ሁለቱም እኔ ነኝ» አሏት። ልጅቷ እኔን ታያለች፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።  ቤት ስንገባ ቄስ አራጋውን እንድጠራላቸው አዘዙኝ።

ቄስ አራጋውን አትረሻቸውም፤ በየዓመቱ ከቦሩ በኩል ማር ይዘው የሚመጡት፣ እማማ ከእስላም ዕቃ እንዳይነካካ ብላ አዲስ ብርጭቆ የምታወጣላቸው ቄስ። የአባባ የድሮ ደንበኛ ናቸው እየተባልን ነው ያደግነው። አሁን ሰማንያን አልፈዋል፤ ጥምጥማቸው እንደ ጥንቱ ነጭ ነው፣ መቋሚያቸውን ግን አሁን ለምርኩዝ ይፈልጉታል። በማግሥቱ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሽማግሌዎቹን ላጫውት ብዬ ልወጣ ስል አባባ «ተቀመጥ፤ የመጣው ላንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ ከአልጋቸው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን እንዳወጣ ነገሩኝ። በጦርነቱ ጊዜ ሰዉ ወርቁን ሲቀብር እሳቸው ጓሮ ቆፍረው የቀበሩት ሳጥን ነው። የሱቁ ወረቀት መስሎኝ ነበር።

ከሳጥኑ የወጣው የትምህርት ቤት ወረቀት ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። ስሙ ወልደገብርኤል ይማም ይላል። ጥግ ላይ የተለጠፈው ልጅ የኔን የመሰለ የቆመ ጆሮ አለው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። አጃኢብ! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ይህ እንግዲህ የኛ አባት ነው። የንጋት ሶላቱን ሱብሂን ዘሎ የማያውቀው፣ ከመስጊድ የመጀመሪያው የሰጋጆች ሰፍ ላይ የማይጠፋው፣ የሰፈሩ ሰው ዱዓ አድርጉልን እያለ እጁን የሚስመው አባታችን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ተጠምቆ ማተብ አስሮ ኖሯል።

ያወጉኝን እንዳወጉኝ ልንገርሽ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ እስላም ተጠመቅ ተብሎ ሲታዘዝ ገሚሱ ተዋጋ፣ ገሚሱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፣ ገሚሱም እሺ ብሎ ቀን ቀን ማተቡን አስሮ ሲመሽ ቤቱን ዘግቶ ይሰግድ ነበር። የአያታችን የይማም አያት ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ ነበሩ። ይህ ወሬ በኛ ቤት እንደ ነውርም እንደ ብልሃትም እየተቆጠረ ሲወርድ ሲዋረድ አያታችን ዘንድ ደረሰ። በ1944 ዓ.ም. አያታችን ልጃቸውን ይዘው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄዱ። የእስላም ልጅ አይገባም የሚል ጽሑፍ የትም አልተጻፈም ነበር ይላሉ አባባ። መዝጋቢው ብቻ ስሙን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ይህ ልጅ ነገ ጸሐፊ ሆኖ ችሎት መዋል የሚፈልግ ከሆነ ስሙን አስተካክላችሁ ተመለሱ» አላቸው። አያታችንም በመንገድ ላይ ለልጃቸው የነገሩት ይህን ነው፤ «አያቴ ክሩን አንገቱ ላይ አሰረው እንጂ ልቡን አላሰረበትም፤ አንተም እንደሱ ታደርጋለህ።» አባባ ይህን ሲነግሩኝ «አያቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ልቤና አንገቴ ገና አልተለያዩም ነበር» አሉኝ።

ክርስትና አባት ሆነው ያነሷቸው የቄስ አራጋው አባት ናቸው። ከአያታችን ጋር የገበያ ወዳጆች ነበሩ። ቄስ አራጋው ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉና አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ ያችን ቀን ሲያነሱ «በልጁ ላይ ግፍ ዋልኩበት፤ ጥምቀት በውድ እንጂ ለመዝገብ ተብሎ አይሆንም» እያሉ ይጸጸቱ እንደነበር ነገሩኝ። ማሩ ለካ የደንበኛ ማር አይደለም። አባታቸው ሲሞቱ «ወንድምህን ጠይቀው፤ ሃይማኖቱን ግን አትጠይቀው» ብለው ተናዝዘው ኖሮ ነው በየዓመቱ የሚመጣው። ሁለት ሽማግሌዎች ሰባ ዓመት ሙሉ ባንድ ነገር ሲያፍሩ ኖሩ፤ እኛ ማሩን እየላስን አደግን።

አባባን ያስለቀሳቸው ግን ጥምቀቱ አልነበረም። በዓመቱ ለአረፋ ወደ ቤት ይመጣሉ። በግ ታርዷል፤ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ቤቱ በሥጋ ሽታ ሞልቷል። ማተብ ያሰረ ልጅ የእስላም ሥጋ በላ የሚል ወሬ ትምህርት ቤት ከደረሰ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው። አያታችን ስለዚህ ልጁ ሥጋ አይቅመስ አሉ። አያቴ፣ ማለት የአባባ እናት፣ ለብቻቸው በትንሽ ሳህን ሽሮ አቀረበችላቸው። ወንድሞቻቸው ከአንድ ትሪ ሲበሉ እሳቸው ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሽሯቸውን በሉ። እናታቸውም ሥጋ የነካ እጇን እንዳይነካቸው ወደ ኋላ ደብቃ በክርኗ ራሳቸውን ደባበሰቻቸው። «በክርኗ፣ ሚስባህ» አሉኝ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እንዲህ ሲሉ ግን አገጫቸው እንደ ልጅ ተንቀጠቀጠ። እኔ አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

በዚያ ስም ተምረው በዚያ ስም ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኑ። ፒያሳ ያሉ የድሮ ሰዎች «ወልዴ» እያሉ ሲጠሯቸው ትዝ ይልሻል? እኛ የቁልምጫ ስም መስሎን እንስቅ ነበር፤ አንቺማ አንድ ጊዜ «አባባ ወልዴ» ብለሽ በጥፊ ቀምሰሻል። ለምን እንደተመታሽ ያኔ አንድም ሰው አልገባውም። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. አረፋና መውሊድ የመንግሥት በዓል ሆኑ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር አባባ ፒያሳ ላይ ቆመው አለቀሱ የሚባለውን ወሬ ስንት ጊዜ ሰምተናል። የደስታ ዕንባ ነበር እየተባለ። እሳቸው አሁን እንደሚሉት ግን በሬዲዮው ፊት የቆሙት አንገታቸው ላይ ማተብ እንዳለ ነው። እዚያው በጣታቸው ቆረጡት። በሳምንቱ ሥራቸውን ለቀው የጨርቅ ሱቃቸውን ከፈቱ፤ ስማቸውን መለሱ፤ እማማንም ለማንም እንዳትናገር በአላህ ስም አስማሏት። እማማ ሁሉንም ታውቅ ነበር፣ እትዬ። ምስጢሩን ይዛው ሄደች።

እንግዲህ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። 1987 ዓ.ም.፣ አንቺ ሰማያዊ ሻርፕሽን ለብሰሽ በረንዳው ላይ ቆመሽ፣ ጋሼ ደምለውን ላገባ ነው፣ ልጠመቅም ነው ያልሽ ቀን። አባባ ከፊታቸው ደም ጠፍቶ ምን እንዳሉ አንቺም አትረሺውም፤ እኔም አልረሳሁትም። «ከዚህ ቤት ሁለተኛ አይጠመቅም!» ነው ያሉት። እኛ ምን መሰለን? የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ፤ ሁለተኛ የተባልነው እኛ ታናናሾችሽ ነን፤ እሷን አይታችሁ እንዳትደግሙት ማለታቸው ነው ብለን ነው የተረዳነው። እኔማ ቃሉን ለራሴ እንደ ማስጠንቀቂያ ይዤው ስንት ዓመት ኖርኩ! ሰፈሩም እንደዚያ ነው የተረጎመው። ለካ ሁለተኛዋ አንቺ ነበርሽ። የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊታችን ቆመው ምስጢራቸውን ጮኸው ተናገሩ፤ ከዚያ ሁሉ ጆሮ አንዱም አልሰማቸውም።

ይህ ሲገባኝ ምን እንደሆንኩ ልደብቅሽ አልፈልግም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮህኩ። በቄሱ ፊት፣ በሚስቴ ፊት። «ታዲያ እሷን ለምን? እርስዎ ያለፉበትን እያወቁ ለምን?» አልኳቸው። እማማ ስምሽን እየጠራች መሞቷን ነገርኳቸው፤ እንደማያውቁት ሁሉ። ከዚያ ወጣሁ። ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ የባጃጅ ጡሩንባ ከኋላዬ ሲያለቅስ አልሰማሁም፤ አንዱ ሾፌር «አንተ ሰውዬ፣ መሞት ከፈለግህ ሌላ ጎማ ፈልግ!» ብሎ ሰድቦኝ ነው የነቃሁት። ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሁለት ቀን ሳልመለስ ቀረሁ። ማሽን ስፈታ ብሎኑ ይጠፋኛል፤ የጓደኞቼ ወሬ ጆሮዬ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን ረውዳ ደወለች። አብሽር፣ አይዞህ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ወረደችብኝ። «ፈራጁ አላህ ነው። አንተም ሻንጣዋን አውጥተህ በሩን የዘጋህ ቀን ልጅ ነበርኩ ትላለህ። እሺ፣ ከዚያ ወዲህ አድገህ የለ? መቼ ከፈትከው?» አለችኝ። እትዬ፣ እውነቷን ነው። አባባ አውጣ ሲሉኝ ሻንጣሽን ያወጣሁት፣ መቀርቀሪያውንም የወረወርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ከውጭ ሆነሽ «ሚስባሄ» ስትዪኝ ሰምቻለሁ። ይህ እንኳ የልጅነት ይባል። ግን ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ጨዋ ተብዬ፣ የዕድሩ ጸሐፊ የቤተሰብ ቅጽ ሲሞላልኝ «እህት?» ቢለኝ «የለኝም» ብያለሁ። አባባ ስለ ራሳቸው ዋሹ፤ እኔ ስላንቺ ዋሸሁ። በምን አንደበቴ ነው እሳቸው ላይ የምጮኸው? በዚያው ዕለት ደሴ ወጣሁ።

አባባ ስገባ አልተቆጡኝም። እጃቸውን ሰጡኝ። ለምን እንደሆነ ሊነግሩኝ ሁለት ቀን ሲያስቡ ሰንብተዋል። እሳቸውን ጎትተው እንደወሰዷቸው አንቺንም ሰው ጎትቶ የወሰደሽ ነው የመሰላቸው። «ወዶ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ ማመን አቃተኝ። ወድጄ ነው ስትለኝ የተማረችውን ነው የምትናገር ብዬ ነበር፤ እኔም መምህራኑ ሲጠይቁኝ ወድጄ ነው እል ነበራ» አሉኝ። ቁጣቸው ከኋላው ድንጋጤ ነበረበት። ሲውል ሲያድር ግን አንቺ ደህና ትዳር እንደያዝሽ፣ እንደ ወለድሽ ከመንገደኛ ሰሙ። ያኔ ሊጠሩሽ ይችሉ ነበር። ያልጠሩሽ አፍረው ነው። አንቺን ለመጥራት ይህን ሁሉ መናገር ሊኖርባቸው ሆነ፤ እጃቸውን ለሚስመው ሰው ሁሉ ምን ሊሉ ነው? ይህን በደል ነው ብለው ነው የሚናገሩት፣ አያሳምሩትም። «ፈርቼ ልጄን ከሰርኩ» ነው የሚሉት።

ያ የፈሩት ነገርስ ምን ሆነ መሰለሽ? ወሬው ባንድ ሳምንት ውስጥ ቧንቧ ውሃን አዳረሰ። እኔ ሰዉ ይሸሸናል ብዬ ስፈራ ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁ እየመጡ፣ በሩን ገርበብ እያደረጉ፣ በአባባ ጆሮ መንሾካሾክ ጀመሩ። የአንዱ አጎት እንዲሁ ስም ቀይሮ ወታደር ቤት ገብቶ ነበር። የአንዱ አያት ደግሞ በተቃራኒው የቄስ ልጅ ሆነው ሳሉ ሰልመው ሸህ ሆነዋል። ጉድ እኮ ነው! ሰፈሩ በሙሉ ከምድጃው ሥር ሁለተኛ ስም ቀብሮ ኖሯል። አባባ እያንዳንዱን «አላህ ይርዳህ» እያሉ ይሸኙና ሲወጣ «ይህን ባውቅ ሠላሳ ዓመት ባልፈጀብኝ» ይላሉ።

አሁን የሚጠብቁት አንቺን ነው። ስትመጪ ምንም እንዳይታረድ አዘዋል። ረውዳ እንግዳ ያለ ሥጋ እንዴት ይሆናል፣ ጎረቤት ምን ይለናል ብትላቸው በጉ በእኛ እጅ ከታረደ አንቺ ልትርቂ ነው፤ በቄስ አራጋው ልጅ ከታረደ አባባ ሊርቁ ነው፤ ስለዚህ ሽሮ ይሠራ፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ ብለዋታል። ረውዳም ለክብሯ ስትል ቅመሙን አዲስ እያስፈጨች ነው።

አንቺ አትመጪም ብትዪ አልፈርድብሽም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀልድ አይደለም፤ የእማማን ቀብር አላየሽም፣ ልጆችሽ አያታቸውን አያውቁም፣ ሲከፋሽ የምትመለሺበት ቤት አልነበረሽም። ይህን የሚከፍል ሽሮ የለም። ግን መምጣት ከቻልሽ ፍጠኚ፤ የአባባ ትንፋሽ እኔ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና አሁን አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ ወርደሽ ታገኚኛለሽ። በመኪና ይሻለኛል ካልሽም ቀለሙ ሰኞ ሲመለስ ጋቢናውን ባዶ አድርጎ ይጠብቅሻል። መንገዱ ካቃተሽ በስልክም ቢሆን አውፍ በያቸው፤ እኔ ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ፣ በዚህ ጊዜ አልዘጋውም። የኔን አውፍታ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስትችዪ አስቢበት፤ እኔ ጊዜ አለኝ።

ለጋሼ ደምለው በእጅጉ ሰላም በዪልኝ፤ እኔ ወንድማቸው ሳልሆን የኖርኩትን በምን እንደምክስ እንጃ። ለነፃነትና ለታናናሾቿ፣ ጂንካ ውስጥ እናት ሆነው ለያዙሽ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ረውዳ ሳታውቅሽ ትናፍቅሻለች፤ ሰላም ትልሻለች። አሚርና ሱሀይላ ጂንካ የምትኖር አክስት እንዳላቸው ተነግሯቸው ተገርመዋል፤ እነሱም ጉልበትሽን ስመዋል። ቄስ አራጋው እግዚአብሔር መንገድሽን ይጥረገው ብለውሻል።

አባባም ሰላም ብለውሻል። የሳቸውን ሰላምታ መጨረሻ ያደረግሁት ጥያቄ ስላለበት ነው። ይህን ስጽፍ አጠገባቸው ነኝ፤ በማን ስም እንደጻፍኩልሽ ጠየቁኝ። ዘይቱና ብዬ ነው አልኳቸው። «እሱን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ወድዳ የያዘችው ስምስ ማን ይባላል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እሳቸውም «ስትገባ በየትኛው እንድጠራት እንደምትሻ ጠይቅልኝ፤ የፈለገችውን እላለሁ» አሉ። እባክሽ እትዬ፣ ስሙን አጥርተሽ ጽፈሽ ለቀለሙ ስጪው፤ እስክትደርሺ ሊለማመዱት ይፈልጋሉ።

ታናሽ ወንድምሽ ሚስባህ ዘይኑልአቢዲን
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.